አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንና ስማቸውን የወረሱ ሁለት ጳጳሳት



በአንድ የደጋ ጸሎት ቤት ስለ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሰማዕትነት ስናስተምር አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጇን አነሣች። ባለፈው ሰንበት ካቴኪስቱ ለሀገራችን የክርስትናን ብርሃን የገለጡት አባ ሰላማ እንደሆኑ አስተምሯት ነበር። በዚህ ሰንበት ደግሞ አባ ገብረ ሚካኤልን በእግር ግንድ ያሳሰሩት አቡነ ሰላማ እንደሆኑ ሰማች። ስለዚህ ብርሃንን ያመጡት አባት ያንን ደግ መነኩሴ ስለ ምን እንዳሳሰሩት ጠየቀች። ልጆቹ ሳቁ፤ ካቴኪስቱም ወደ እኔ ተመለከተ። በሁለቱ አባቶች መካከል ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት የሚጠጋ ዘመን እንዳለ ስነግራት ሳቁ ቆመ፤ ምክንያቱም ከሳቁት መካከል ይህን የሚያውቅ አንድም ልጅ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ስሕተት የሕፃናት ብቻ አይደለም። በዕድሜም በትምህርትም ከበሰሉ ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ።

ሰላማ የሚለው ስም ሰላምን የሚያመለክት ነው። የሲዳማ ወገናችን ሲገናኝ ኬሬ እያለ የሚጠያየቀው ያ መልካም ነገር በግዕዝና በአማርኛ ሰላም ይባላል። በስሙ ከተጠሩት የኢትዮጵያ ጳጳሳት መካከል ሦስቱ በታሪክ ትልቅ ስፍራ አላቸው። የመጀመሪያው የሁላችንም አባት በመሆናቸው በሕይወታቸው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን፤ ስለ ሌሎቹ ሁለቱም የሚገባውን እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጢሮስ የመጡት ሁለት ልጆች

የመጀመሪያው አባ ሰላማ የልደት ስሙ ፍሬምናጦስ ነበር። ታሪኩን በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጽፎ ያቆየልን ሩፊኖስ የተባለ የላቲን ጸሐፊ ነው። ሩፊኖስም የሚተርከውን ነገር ከገበያ ወሬ እንዳልለቀመ፣ ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤዴስዮስ አፍ እንደሰማው ገልጿል። ታሪኩ የተጻፈው ነገሩ በዓይኑ ፊት ከተፈጸመበት ሰው ተሰምቶ በመሆኑ፣ ለጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህን የመሰለ ምስክርነት ማግኘት ብርቅ ነው።

ሜሮፒዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ አገሮችን ለማየት ተነሣ። ጉዞው ወደ ህንድ ነበር ይባላል፤ ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ሰዎች ከቀይ ባሕር በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ህንድ ይሉት እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ዘመዶቹ የሆኑ ሁለት ልጆችን፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፣ እያስተማራቸው አብረውት ይጓዙ ነበር። በመልስ ጉዞ ላይ ውኃና ስንቅ ለመያዝ መርከቢቱ ወደ አንድ ወደብ ተጠጋች። በዚያን ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለነበር መርከቢቱን ወርረው ሜሮፒዮስንና ባልንጀሮቹን በሙሉ ገደሉ።

ሁለቱ ልጆች ግን ከመርከቢቱ ወርደው በአንድ ዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ገዳዮቹ ባገኟቸው ጊዜ ራሩላቸው፤ ወስደውም ለንጉሡ ሰጧቸው። ከአንድ መርከብ ሙሉ ሰው ሁለት ልጆች ብቻ ተረፉ፤ የተረፉትም መጽሐፍ ይዘው ከዛፍ ሥር በመቀመጣቸው ነው። ይህን ለልጆች ስናስተምር በችኮላ ባናልፈው መልካም ነው።

በአክሱም ቤተ መንግሥት ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ ግን አስተዋይነቱ ታይቶ የንጉሡ ጸሐፊና በጅሮንድ እንዲሆን ተደረገ። በባርነት የገባ ልጅ የመንግሥቱን ሀብትና ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ሆነ ማለት ነው። ንጉሡ ሲሞት ሚስቱንና ገና ሕፃን የነበረ ወራሹን ትቶ አለፈ፤ ለሁለቱ ወንድማማቾችም ነጻነታቸውን ሰጣቸው። ወደ ወዱበት መሄድ ይችሉ ነበር። ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲረዷት፣ በተለይ ፍሬምናጦስን፣ አጥብቃ ለመነች። የጢሮስ ልጅ የአባቱን ቤት ሳያይ ከወጣበት ዓመት ጀምሮ ስንት ክረምት እንዳለፈ እናስብ። ቢሆንም በፈቃዱ ቀረ።

ካህን ሳይሆን የሐዋርያነትን ሥራ የሠራ

ቀጥሎ ያለው ክፍል ለካቴኪስቶቻችን ከሁሉ ይልቅ ቅርብ ይመስለኛል። ፍሬምናጦስ መንግሥቱን በሚያስተዳድርበት ጊዜ ወደ አክሱም ከሚመጡት የሮም ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖች መኖራቸውን ይጠይቅ ጀመር። ያገኛቸውንም ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ስፍራ እንዲያዘጋጁ አበረታታቸው፤ የቤት መሥሪያ ቦታና የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ሰጣቸው፤ በሥልጣኑ ደግፎ ያዛቸው። የክርስትና ዘርም በምድሪቱ ላይ እንዲበቅል ተጋ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ፍሬምናጦስ ካህን አልነበረም። ቅዳሴ ሊቀድስ፣ ኑዛዜ ሊቀበል አይችልም። ምእመን ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ይሁንና ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን የጸሎት ቤቶች ያቆመው እርሱ በክህነት ሳይሆን በጥምቀቱ ጸጋ ነው። በቪካሪያታችን ውስጥ ካህን በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስባቸው፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም የሚዘገይባቸው ጸሎት ቤቶች አሉ። በእነዚያ ስፍራዎች በየሰንበቱ ሕዝቡን ሰብስቦ ቃለ እግዚአብሔርን የሚያነብና ጸሎት የሚመራው ካቴኪስት የሚሠራው ሥራ ከፍሬምናጦስ የመጀመሪያ ሥራ ጋር አንድ ነው። ስለዚህም አንዳንድ ካቴኪስቶች እኛ ካህን ስላልሆንን ምን እናደርጋለን ሲሉ ስሰማ ይህን ታሪክ አነሣላቸዋለሁ።

ልዑሉ አድጎ መንግሥቱን በተረከበ ጊዜ ወንድማማቾቹ አደራቸውን በሙሉ አስረክበው ተሰናበቱ። ንግሥቲቱና ንጉሡ እንዲቀሩ ቢለምኗቸውም ሄዱ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ፈጠነ፤ በዚያም በኋላ ቅስናን ተቀበለ። ፍሬምናጦስ ግን የጢሮስን መንገድ ትቶ ወደ እስክንድርያ አመራ። ለወንድሙ ነቀፋ አይገባውም፤ የወላጅ ናፍቆት ኃጢአት አይደለም። ደግሞም ኤዴስዮስ ወደ ቤቱ ባይመለስ ኖሮ ሩፊኖስ ታሪኩን ከማን ይሰማ ነበር?

በእስክንድርያ መንበር ላይ በ328 የተሾመው ታላቁ አትናቴዎስ ተቀምጦ ነበር። ፍሬምናጦስ በአክሱም የተፈጸመውን ሁሉ ነገረው፤ ለተሰበሰቡት ክርስቲያኖችና ለተሠሩት ቤተ ክርስቲያኖች የሚገባ ጳጳስ እንዲልክላቸውም ለመነው። ለራሱ ምንም አልጠየቀም። አትናቴዎስም የካህናቱን ጉባኤ ሰብስቦ ነገሩን ከመረመረ በኋላ፣ መንፈስ ቅዱስ የሚሠራበት ከዚህ ሰው የተሻለ እንደማይገኝ ተናግሮ ፍሬምናጦስን ራሱን ጳጳስ አድርጎ ቀባው። ሊቃውንት ይህን አንዳንዶቹ ወደ 330፣ ሌሎቹ ወደ 340ዎቹ ያደርሱታል። ጳጳስ ለመለመን የወጣው ሰው ጳጳስ ሆኖ ወደ ባርነቱ አገር ተመለሰ። ሕዝቡም አባ ሰላማ፣ ከሣቴ ብርሃን፣ ማለትም የሰላም አባት፣ ብርሃንን የሚገልጥ ብሎ ጠራቸው።

የንጉሡ ገንዘብና የቄሣሩ ደብዳቤ

ክርስትና ወደ ቤተ መንግሥቱ መግባቱን የሚመሰክሩልን ድንጋይና ገንዘብ ናቸው። ንጉሥ ኢዛና በመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቹ ራሱን ማሕረም የተባለው የጦርነት አምላክ ልጅ አድርጎ ይጠራል፤ በመጀመሪያዎቹ ገንዘቦቹም ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ይታያል። በኋለኞቹ ገንዘቦች ላይ የመስቀል ምልክት በስፍራው ተተካ። በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ካተሙት ነገሥታት መካከል ኢዛና ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በአንድ የግዕዝ ጽሑፉ ድሉን ለሰማይ ጌታ ይሰጣል፤ በ1969 በአክሱም በተገኘው የግሪክኛ ጽሑፉ ደግሞ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን በግልጽ ያስታውቃል። የሀገራችን ትውፊት በዚያን ዘመን የነገሡትን ወንድማማቾች አብርሃና አጽብሐ ሲላቸው፣ ብዙ ሊቃውንት እነዚህን ከኢዛናና ከወንድሙ ከሳይዛና ጋር አንድ ያደርጓቸዋል።

የአባ ሰላማ ፈተና ግን ከአረማውያን አልመጣም፤ ከክርስቲያን ቄሣር መጣ። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ የአርዮስን ትምህርት ቢያወግዝም፣ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንጢዮስ ወደ አርዮሳውያን አዘነበለ። አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳድዶ ጊዮርጊስ የተባለ ሌላ ሰው በእስክንድርያ እንዲቀመጥ ተደረገ። (ይህ ጊዮርጊስ ከምናከብረው ሰማዕት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የስም መመሳሰል በዚህም ላይ እንዳያደናግረን።) በ356 ገደማ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ፍሬምናጦስ የተሾመው ከአትናቴዎስ እጅ በመሆኑ፣ ስለ እምነቱ በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ፈጥነው ወደ ግብጽ እንዲልኩት ጠየቀ። ካልሆነ ግን ሕዝባቸውን በስሕተት ትምህርት ይበክላል ሲል አስፈራራ።

ደብዳቤው እንዳይጠፋ ያደረገው ራሱ አትናቴዎስ ነው፤ ለቄሣሩ በጻፈው መከላከያ ውስጥ አስገብቶት እስከ ዛሬ ደረሰን። የአክሱም ነገሥታት ጳጳሳቸውን አሳልፈው እንደሰጡ የሚያመለክት ነገር የለም፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በኒቅያ ሃይማኖት ጸናች። በዚያን ዘመን የምድር ኃይል ሁሉ በእጁ የነበረ ቄሣር ስለ አንድ የሩቅ አገር ጳጳስ መጨነቁን ሳስብ፣ አባ ሰላማ በአክሱም በዝምታ የሠሩት ሥራ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ይታየኛል።

የአባ ሰላማ መታሰቢያ በሐምሌ 26 ቀን ይከበራል። በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ሀገራችን የመጡት ኢየሱሳውያንም በአድዋ አጠገብ የሰፈሩበትን ስፍራ በስማቸው ፍሬሞና ብለው ሰይመውታል፤ ጳጳሱ አንድሬ ደ ኦቪየዶ ለብዙ ዓመታት በድህነት ኖረው በ1577 ያረፉት በዚያ ነው።

ከአባ ሰላማ ሹመት አንድ ልማድ ተወለደ፤ የኢትዮጵያ ጳጳስ ከእስክንድርያ ይመጣል። ይህ ልማድ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስከተሾሙበት እስከ 1951 ድረስ ጸንቶ ኖረ። ሌሎቹን ሁለት ሰላማዎች ወደ ሀገራችን ያመጣቸውም ይኸው ልማድ ነው።

መተርጉም የተባሉት

ሁለተኛው አባ ሰላማ ከ1348 እስከ 1388 በሀገራችን ጳጳስ ሆነው የኖሩ ግብጻዊ ናቸው። ስለ ሕይወታቸው የምናውቀው ጥቂት ነው፤ ሥራቸው ግን በቅጽል ስማቸው ላይ ተጽፏል፤ መተርጉም ተብለዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ቀደም ሲል በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ ነበር፤ በእርሳቸው ዘመን ደግሞ በዐረብኛ ካሉት መጻሕፍት ጋር እየተመሳከረ ታረመ። በሰሙነ ሕማማት የሚነበበው ግብረ ሕማማትና የሙታን ጸሎት የሆነው መጽሐፈ ግንዘት ወደ ግዕዝ መመለሳቸው ለእርሳቸው ይሰጣል።

እኛ በደቡብ በላቲን ሥርዓት ስለምንጸልይ ግብረ ሕማማትን ሳይሰሙ ያደጉ ብዙ ምእመናን አሉን። ወደ ሰሜን ወይም ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ግን በሕማማት ሳምንት በግዕዝ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢገባ፣ የአንድ ስደተኛ ጳጳስ ድካም ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ሲነበብ ይሰማል። አንድን የጸሎት መጽሐፍ ወደ ሲዳምኛ ወይም ወደ ጌዴኦኛ ለመመለስ በመብራት የደከመ ሰው የእኒህን አባት ድካም ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ሦስተኛው

አሁን ልጅቱ ወደ ጠየቀችው እንመለስ።

በ1841 የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ፣ ለብዙ ዓመታት ጳጳስ ላጣችው ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ እንዲለምኑ ወደ ካይሮ መልእክተኞች ላኩ። ደጃዝማቹ የላዛሪስቱን ሚስዮናዊ አባ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን አብረው እንዲሄዱ ለመኗቸው። ከመልእክተኞቹ መካከል በጎጃም የተወለዱት፣ በመርጡለ ማርያም የመነኮሱትና በትምህርት የታወቁት አንድ ዓይናው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በካይሮም እንድርያስ የሚባል ግብጻዊ መነኩሴ ተመረጠ፤ ሲሾሙም አቡነ ሰላማ ተባሉ። ዕድሜያቸው ሃያዎቹን ከጀመረ ብዙ አልሆነውም ነበር፤ ቀድሞም በካይሮ በነበረ የእንግሊዝ ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ተምረዋል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሁሉ በአንድ ጉዞ ላይ መገናኘቱ ይደንቃል። ጳጳሱ፣ ጳጳሱ በኋላ የሚያሳድዷቸው ቅዱስና በጳጳሱ ዘመን ሰማዕት የሚሆኑት መነኩሴ በዚያው ዓመት በካይሮ ነበሩ። ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ ከአባ ዩስጢኖስ ጋር ወደ ሮም አለፉና በር.ሊ.ጳ. ግሪጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ። አባ ገብረ ሚካኤልም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ፤ ከረዥም ጥናትና ጸሎት በኋላም በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ።

አቡነ ሰላማ የደረሱበት አገር በነገረ መለኮት ክርክር የተከፋፈለ ነበር። የቋንቋው እንግዳ የሆኑ አንድ ወጣት፣ ሊቃውንት ሁሉ በሚከራከሩበት መንበር ላይ ተቀመጡ። በ1846 ከጎንደር ተባረሩ፤ በ1854 ግን ከደጃዝማች ካሣ ጋር ተስማምተው በኃይል ተመለሱ። በዚያው ዓመት በሐምሌ አባ ዩስጢኖስና አባ ገብረ ሚካኤል በጎንደር ተያዙ። ዩስጢኖስ ከወራት እስር በኋላ ከሀገር ተሰደዱ። አባ ገብረ ሚካኤልና አራት ጓደኞቻቸው ግን እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ቀሩ፤ እምነታቸውን እንዲክዱ በተደጋጋሚ ተገረፉ።

በየካቲት 1855 አቡነ ሰላማ በደረስጌ ማርያም ካሣን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ አሰኟቸው። አባ ገብረ ሚካኤልም በሰንሰለት ታስረው ከዘመተው ሠራዊት ጋር ወደ ወሎ ተነዱ። በግንቦት መጨረሻ ሞት ተፈረደባቸው፤ በስፍራው የነበሩት የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለለመኑላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሰንሰለቱ ግን አልወለቀም። ረኃብ፣ ድካምና በሠራዊቱ ውስጥ የገባው የኮሌራ በሽታ ተባብረው በነሐሴ 28 ቀን 1855 በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው 64 ዓመት ነበር። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፁዕ ብለው አወጇቸው። ቅዱስ ዩስጢኖስም በ1860 ዐርፈው በ1975 የቅድስና ማዕርግ ተሰጣቸው።

በዘርአ ክህነት ተማሪ ሳለሁ ይህን ታሪክ ስናገር ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር፤ በአቡነ ሰላማ ላይ መፍረድ ቀላል ሆኖ ይታየኝ ነበር። የቀረውን ታሪካቸውን ካነበብሁ ወዲህ ግን አላደርገውም። ከንጉሡ ጋር የነበራቸው ስምምነት አልቆየም። በ1856 መጨረሻ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ 4ኛ ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ሁለቱንም ለጊዜው አሰሯቸው። በቤተ ክርስቲያን ርስትና ገቢ ላይ የነበረው ጠብ እያደገ ሄዶ፣ በ1864 አቡነ ሰላማ በመቅደላ አምባ ታሰሩ። ንጉሡን የቀቡ እጆች በንጉሡ እስር ቤት ዋሉ። ከሦስት ዓመት በላይ በዚያ ቆይተው በጥቅምት 25 ቀን 1867 በአምባው ላይ ሞቱ፤ እንግሊዞች መቅደላን ሊይዙ ስድስት ወር ያህል ሲቀር ነው። የአገራቸውን ምድር ዳግመኛ አላዩም።

የመጀመሪያውና ሦስተኛው ሰላማ ሁለቱም በለጋ ዕድሜያቸው ከባሕር ማዶ የመጡ ባዕዳን ነበሩ። አንዱ በምርኮ ገብቶ ሳይሾም ለብዙ ዓመታት ሕዝቡን አገለገለ፤ ሌላው ሕዝቡን ሳያውቅ በሥልጣን ገባ። የነገሩን ሥር ብዙ ጊዜ በዚህ ላይ እፈልገዋለሁ፤ ይሁን እንጂ የጦር አለቆችና የሊቃውንት ጠብ በመካከሉ ስላለ ነገሩን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን አይገባም። ደግሞም አቡነ ሰላማን ስናነሣ የምንናገረው ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ዘመን እንጂ፣ በጎረቤታችን ስላሉት የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን እንዳልሆነ ለልጆቻችን በግልጽ መንገር አለብን። ሁለታችንም የእምነታችንን መጀመሪያ የምንቆጥረው ከአንዱ ከፍሬምናጦስ ነው።

ለልጅቱ ይህን ሁሉ በአንድ ሰንበት መንገር አልቻልሁም። ስማቸው አንድ ቢሆንም ሰዎቹ ሦስት እንደሆኑ፣ የኋለኛውም በመጨረሻ እንደ አባ ገብረ ሚካኤል ታስረው እንደሞቱ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ በእስር ቤት ሳሉ ስለ አባ ገብረ ሚካኤል አስበው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ስለ ሁለቱም አንድ አባታችን ሆይ ደገምን።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ የሐምሌ 26 መታሰቢያ ዝናቡ በሚበረታበትና ወደ ደጋው የሚወስደው መንገድ በጭቃ በሚዘጋበት ወር ይውላል። ስለዚህ የአባ ሰላማን ሕይወት የምታስተምሩ ሁሉ በሰኔ የመጨረሻ ሰንበቶች፣ ልጆቹ ለክረምት ከመበተናቸው በፊት ብታደርጉት ይመረጣል፤ ከዛፉም ሥር ብትጀምሩ ልጆቹ ቶሎ ይይዙታል።